የጓዳው ስንቅና የባለ ሱቁ ሚዛን
ከፈላና በር እስከ ወደብ፤ የ2012 ዓ.ም. የመዘጋት ወራት ለነጋዴው የተዉት ትምህርት

የአንድ አገር ንግድ ጤንነት በወደቡና በመጋዘኑ ብቻ አይለካም። መርከብ ያወረደውን፣ የጭነት መኪና ያመላለሰውን፣ ጅምላ ነጋዴ ያከማቸውን፣ ቸርቻሪም የመዘነውን ሸቀጥ በመጨረሻ የሚረከበው የቤት ጓዳ ነው። ጓዳው በተሟላበት ቤት ክፉ ቀን ቢመጣ ቤተ ሰቡ ሳይደናገጥ ይሰነብታል፤ ጓዳው ባዶ በሆነበት ቤት ግን የአንድ ሳምንት መዘጋት እንኳ ሰውን ከረሃብ ጋር ያፋጥጠዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ሕዝብ በየቤቱ ባስቀመጠ ጊዜ ይህ እውነት በግልጽ ታየ። ነገሩን ለመመርመርም ከጥንት ጀምሮ መዘጋትንና መከፈትን ከሚያውቅ ከተማ የተሻለ ስፍራ አይገኝምና፣ ይህ ጽሑፍ ከሐረር፣ ያውም ከፈላና በር ይጀምራል።

ግንቡ፣ በሩና ቤቱ

የሐረርን ከተማ የሚከበው የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የተሠራ ነው። ከጥንት የነበሩት በሮቹ አምስት ሲሆኑ፣ በሰሜን በኩል ያለው በአማርኛ ፈላና በር፣ በሐረሪዎች ቋንቋ ደግሞ አሱም በሪ ይባላል። የቀሩት ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በርና ኤረር በር ናቸው። ግንቡ ከተማውን ከውጭ ጠላት ቢጠብቅም ከረሃብና ከበሽታ ግን ሊጠብቀው አልቻለም። በአሚር ኑር ዘመነ መንግሥት በከተማው ጽኑ ረሃብ ገብቶ የእህልና የጨው ዋጋ ከልክ በላይ ወጣ፤ ከረሃቡም በኋላ ወረርሽኝ ተከተለ። አሚሩ ራሳቸው ያረፉት በዚያው የወረርሽኝ ዘመን፣ በ1560ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው።

በአሚሮች ዘመን የጁገል በሮች በየምሽቱ ይዘጉ ነበር። የአሚሮቹ አገዛዝ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት እስኪያበቃ ድረስ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ የሚገባ ሸቀጥም ሆነ የሚወጣ መንገደኛ አልነበረም። በሩ የሚዘጋበት ከተማ ነዋሪ የሚበላውን በጓዳው መያዝ ግዴታው ነው። የሐረሪው ባህላዊ ቤት አሠራርም ይህንኑ ያሳያል። እንግዳ የሚቀበለው የመጀመሪያው ክፍል አምስት የመቀመጫ መደቦች፣ ማለት ናደባዎች፣ አሉት፤ በግድግዳው ላይ የአለላ ስፌትና ሳህን ተደርድሮ ይታያል። ከበላይ ያለው ቃላ የሚባለው ክፍል ደግሞ በቀድሞው ጊዜ ይበልጡን ለዕቃ ማስቀመጫ ያገለግል ነበር። ከግንቡ ውጭ ያለው የሐረርጌ ገበሬም ቢሆን ማሽላውን በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ አድርጎ ለክፉ ቀን ማቆየትን ያውቅበታል። ስለዚህ በዚህ አገር የጓዳ ስንቅ አዲስ ፈሊጥ ሳይሆን የኑሮ ሥርዓት ነው።

አዋጁና ሁለቱ ጾሞች

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ወዲያው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር የየብስ ድንበሮች ከጭነት በቀር ለሰው ተከለከሉ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዋጁና በደንቡ መሠረት ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ፣ በእጅ መጨባበጥም ተከለከለ፤ በሕዝብ መካከል አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ፤ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ብቻ እንዲጭን ተወሰነ፤ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ታዘዘ።

ይህ እገዳ እንደ አንዳንድ የአውሮፓ ከተሞች ሰውን ፈጽሞ ከቤት የሚከለክል አልነበረም፤ ሱቅና ገበያ አልተዘጋም። ሆኖም በጁገል ውስጥ 368 የሚሆኑ መተላለፊያዎች እንዳሉ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማያልፍባቸው ጠባቦች መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው፣ «ሁለት ርምጃ ተራርቃችሁ ሂዱ» የሚለው ትእዛዝ በዚያ ከተማ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ይገነዘባል። መራራቅ የሚቻለው መንገዱን በመተው ብቻ ነበር፤ መንገዱን የተወ ሰው ደግሞ የዕለት ገበያውን ይተዋል፤ የዕለት ገበያውን የተወ በጓዳው ላይ ይወድቃል።

ነጋዴው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባው የቀኑ መገጣጠም ነው። አዋጁ የወጣው የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ የ55 ቀን ዐቢይ ጾም ሊፈታ 11 ቀን ሲቀረው ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ ምእመናኑም ቅዳሴውን በየቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ተከታተሉ። ከፋሲካ በኋላ 5 ቀን ቆይቶ ሚያዝያ 16 ቀን የረመዳን ጾም ገባ፤ እስከ ግንቦት 16 ቀን የዒድ አልፈጥር በዓል ድረስም የእስላሙ ቤት ማፍጠሪያውን ከመስጊድ ጀመዓ ተለይቶ በየቤቱ አሰናዳ። ከዒድ በኋላ በሳምንቱ ሐረሪዎች በአደባባይ የሚያከብሩት የሹዋሊድ በዓልም በዚያ ዓመት ስብሰባ በተከለከለበት ወቅት ላይ ወደቀ። ይህ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

እንግዲህ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ባሉት ሦስት ወራት የክርስቲያኑም የእስላሙም ቤት በተከታታይ ከባለ ሱቁ የሚፈልገው ደረቅ ሸቀጥ ነበር፤ ይኸውም ዱቄት፣ ጥራጥሬ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቴምርና ቅመም ነው። ለአንደኛው የጾም ወጥ፣ ለሌላው የማፍጠሪያ ሾርባና ሳምቡሳ ቢሆንም፣ የሁለቱም ምስር የሚቀዳው ከአንዱ ባለ ሱቅ ጆንያ ነው።

ከጓዳው የወጣው ማዕድ

በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ያለ ሥጋና ያለ ትኩስ አትክልት እንዴት እንደሚሠራ በዚያ ወቅት ከመጽሐፍና ከቴሌቪዥን ሊማር ሲደክም፣ የኢትዮጵያ ባልትና ግን ለዚህ ፈተና ከጥንት ተሰናድቶ ነበር። ጾምን የሚጠብቅ ክርስቲያን ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ርቆ ስለሚኖር፣ የቤት እመቤቷ የጥራጥሬን ጥበብ ከእናቷ ትወርሳለች።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ሽሮ ነው። ሽምብራው ወይም አተሩ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከበሶብላና ከአዝሙድ ጋር ተደባልቆ ከተፈጨ በኋላ እርጥበት በማይነካው ዕቃ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ወጡን ለመሥራት ሽንኩርት፣ ዘይትና ውሃ ብቻ ይበቃዋል፤ ሽንኩርት በጠፋበት ቀን እንኳ ቅመሙ አስቀድሞ በውስጡ ስላለ ማዕዱ አይጓደልም። በዚህ ረገድ ሽሮ ገበያ ሳይወጡ የሚበላ የተሰናዳ ምግብ ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ የእናቶች እጅ ነው።

ከሽሮ ቀጥሎ የምስርና የአተር ክክ ወጥ፣ በሰናፍጭና በሎሚ የሚለወሰው አዚፋ፣ የሱፍ ፍትፍትና የተልባ ወጥ ይቆጠራሉ። ይልቁንም ለዘመነ መዘጋት የተገባው የሽምብራ ዓሣ ነው። የሽምብራ ዱቄት ከጥቂት ዘይት፣ ከጨውና ከቅመም ጋር ጠንከር ተደርጎ ይቦካል፤ በዓሣ ምስል እየተቆረጠ በምጣድ ይጋገራል ወይም በዘይት ይጠበሳል፤ ከዚያም በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ገብቶ ይበስላል። ባሕር በሌለበት አገር፣ ሥጋ በማይበላበት ወራት፣ ከአንድ የዱቄት ጣሳ የበዓል መልክ ያለው ወጥ ይወጣል።

በሐረር ደግሞ አብሽ ልዩ ስፍራ አለው። ሐረሪዎች ሑልበት ይሉታል። ዱቄቱ በውሃ ተዘፍዝፎ ያድርና መራራውን ውሃ ደፍተው አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይመቱታል፤ ሲነፋና ሲነጣ በጨውና በቅመም አጣፍጠው በእንጀራ ወይም በዳቦ ይበሉታል። ሑልበት መረቅ የሚባለው የታወቀው ምግብ አብዛኛውን ጊዜ በሥጋ ቢሠራም፣ ሥጋ በታጣ ጊዜ አብሹ ብቻውን ማባያ ይሆናል። አንድ እፍኝ አብሽ ሲመታ ሳህን ስለሚሞላ ለብዙ ሰው ይዳረሳል።

በረመዳን ምሽት የምስር ሳምቡሳ፣ የእህል ሾርባ፣ ቴምር፣ በስኳር የተነከረው ሙሸበክና የሐረር ሐላዋ ይቀርባሉ። የባቢሌ ለውዝም ተቆልቶ ለልጆች መክሰስ ይሆናል። ቡናን በሚመለከት ደግሞ የሐረርጌ ቤት የቡና ፍሬ ቢወደድበት የሚያደርገውን ያውቃል፤ ከቡና ቅጠል ቁጢ፣ ከገለባው አሸር ቡና ያፈላል። ቡናውን ወደ ውጭ የሚልክ አገር፣ ቅጠሉንና ገለባውን በቤቱ አክብሮ ይጠጣል።

ዳቦው፣ ቂጣውና እርሾው

የዳቦ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በዚያው ሰሞን በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው ሁሉ በቤቱ ዳቦ ለመጋገር ተነሥቶ ዱቄትና እርሾ ከመደርደሪያ ጠፉ። በብሪታንያ የሆነው በተለይ ለነጋዴ ትምህርት ይሰጣል። ወፍጮ ቤቶቹ ስንዴ አላጡም፤ ቀንና ሌሊት ይፈጩ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር ከሚመረተው ዱቄት በሱቅ በኩል ለቤት የሚሸጠው ከመቶ 4 እጅ ያህል ብቻ ነበርና፣ የቀረው በትልልቅ ጆንያና በቦቴ ለዳቦ ቤትና ለፋብሪካ ይሄድ ስለ ነበር፣ የቤቱ ፍላጎት በድንገት ሲጨምር ዱቄቱን በኪሎ ተኩል ከረጢት የሚያሽጉት መኪናዎች አልበቁም። ስለዚህ ያነሰው እህሉ ሳይሆን ከረጢቱ ነው። ሸቀጥ በአገር ውስጥ ሞልቶ ሳለ ለገዢው በሚስማማ መጠን ካልተሰናዳ እንደሌለ ይቆጠራል።

በሐረር ቤት የእርሾ ጉዳይ አሳሳቢ አልነበረም። የእንጀራው እርሾ ከቡሖው ላይ ተቀድቶ ለሚቀጥለው ይቀመጣል፤ አንዱ ቤት ቢያልቅበት ከጎረቤት በጣሳ ይዋሳል። ከውጭ የሚመጣው ደረቅ እርሾ ባይኖር ዳቦው ጥቂት ዘግይቶ ይነሣል እንጂ አይቀርም። ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት ተደርጎለት ይበስላል፤ አምባሻና ቂጣ በምጣድ ይጋገራሉ፤ ዳቦ ቆሎም ዱቄቱ በዘይትና በበርበሬ ወይም በስኳር ታሽቶ፣ እንደ ጥራጥሬ ተቆራርጦ ይታመስና ለሳምንታት ሳይበላሽ ይቆያል። ጤፍ ለተወደደበት ቤት ደግሞ የሐረርጌ ማሽላ አለ፤ የማሽላ እንጀራ ትኩሱን የተበላ እንደ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም።

ሒሳቡ

የጓዳ ስንቅ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ አንድ የታወቀ መለኪያ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ለአደጋ ጊዜ ዕርዳታ የሚታደለው የአንድ ሰው የወር ቀለብ 15 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በዚህ ልክ ቢቆጠር በወር 90 ኪሎ እህል፣ 9 ኪሎ ጥራጥሬና 2.7 ኪሎ ዘይት ያስፈልገዋል። እህሉ ኩንታል ሊሞላ 10 ኪሎ ይጎድለዋል፤ ዘይቱ 3 ሊትር ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 50 ቀን ያህል ያዘልቃል ማለት ነው። ለአንድ ድስት ወጥ ሩብ ኪሎ ሽሮ ቢታሰብ 9 ኪሎው 36 ድስት ይወጣዋል፤ ይህም በቀን ከአንድ ድስት እምብዛም አያልፍም።

ይህን አንድ ኩንታል እህልና ጥራጥሬ በአንድ ጊዜ ሊገዛ የሚችለው ደመወዝተኛው ወይም ነጋዴው ነው። የቀን ሠራተኛው፣ በፈላና በር ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ሊያይ ለሚመጣው እንግዳ መንገድ እየመራ የሚያድረው ወጣት፣ ማገዶ ተሸክማ የምትገባውም እናት ዛሬ ያገኙትን ዛሬ ይገዛሉ። ዘይቱን በሲኒ፣ ስኳሩን በሩብ ኪሎ፣ ሽሮውን በጣሳ ይወስዳሉ፤ በጥቂት የሚገዛም ሰው ኪሎው ሲሰላ ከባለጸጋው ይልቅ አብልጦ ይከፍላል። በ2012 ዓ.ም. እንግዳው ሲቀርና መንገዱ ሲቀዘቅዝ በመጀመሪያ የተጎዱት እነዚህ ናቸው። «የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል» የሚለው ተረት የሚነገረው ለእነርሱ ነው።

በዚያ ጊዜ በአገሩ ሁሉ «ማዕድ ማጋራት» የሚል ጥሪ ተደርጎ ብዙ ሰው ከጓዳው አካፍሏል። ሐረሪዎችም ለደስታና ለሐዘን የሚረዳዱበት አፎቻ የሚባል ማኅበር አላቸው። ይሁንና የችግረኛውን ጓዳ በየቀኑ የሚያውቀው፣ በዱቤ መዝገቡም ላይ የሚያነበው የሰፈሩ ባለ ሱቅ ነው። በክፉ ቀን ለደንበኛው ግማሽ ኪሎ ምስር በእምነት የሚሰጥ እርሱ ነው፤ ሚዛኑን የሚያዛባ ወይም ዕቃውን የሚደብቅ ቢሆንም ሰፈሩን ሁሉ የሚያስርብ እርሱ ነው።

የአንድ ሳምንት ትርፍና የአንድ ዓመት ደንበኛ

የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተሰማ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚ፣ የዝንጅብልና የፌጦ ዋጋ ከመጠን በላይ ናረ፤ ምክንያቱም እነዚህ በሽታውን ያድናሉ የሚል ወሬ ስለ ተነዛ ነው። መንግሥትም ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል ያላቸውን ብዙ መደብሮች አሸገ። ነገሩን በሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን በሒሳብም ማየት ይገባል።

ከላይ የተነገረው ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በዓመት 108 ኪሎ ጥራጥሬና 35 ሊትር ያህል ዘይት ይገዛል። አንድ ቸርቻሪ በአንድ ሳምንት የነጭ ሽንኩርት ትርፍ ተታሎ የ20 ቤቶችን እምነት ቢያጣ በዓመት 2,160 ኪሎ፣ ማለት ከ21 ኩንታል በላይ ጥራጥሬና 700 ሊትር ዘይት የሚሸጥበትን ገበያ አጣ ማለት ነው። ሽንኩርቱ በወሩ ወደ ቀድሞው ዋጋ ይመለሳል፤ የተቀየመው ደንበኛ ግን በቶሎ አይመለስም። በጁገል ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ወሬ ከሸቀጥ ይልቅ ይፈጥናል።

ከዋጋው ሌላ የጥራት ነገር አለ። ጓዳ የሚገባ ሸቀጥ ረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ስለ ሆነ በቶሎ ከሚበላው ይልቅ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት። በእርጥብ መጋዘን የቆየ ሽምብራ በነቀዝ ይበላል፤ እርጥበት ያገኘው ለውዝና በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያወጣ ሻጋታ ያበቅላል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ለውዝ ላይ ይህ መርዝ መገኘቱ በጥናት የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በዚሁ ምክንያት ከኢትዮጵያ የሚገቡ አንዳንድ ቅመሞችን በጥብቅ መመርመር ጀምሮ ነበር። ስለዚህ በቤት እመቤቷ ማሰሮ ውስጥ የተገኘው ሻጋታና በባዕድ ወደብ ላኪውን የሚያስመልሰው ጭነት ምንጫቸው አንድ ነው፤ መድኃኒታቸውም አንድ ነው፤ እህሉን በሸራ ላይ በሚገባ ማድረቅ፣ ጆንያውን ከወለል ከፍ አድርጎ በርብራብ ላይ ማስቀመጥ፣ አሮጌውን ከአዲሱ አስቀድሞ መሸጥ።

ከጓዳ እስከ ወደብ

የሐረር ጓዳ ከባሕር የራቀ ቢመስልም ከባሕሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ ወደብ በኩል ነው። የጂቡቲው የባቡር ሐዲድም ሆነ በደወሌ የሚያልፈው የመኪና መንገድ የሚደርሱት ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ወደምትርቀው ወደ ድሬዳዋ ነው። በወረርሽኙ ወራት ድንበሩ ለሰው ሲዘጋ ለጭነት ክፍት ሆኖ መቆየቱ አገሩን ከብዙ ችግር አድኖታል። ሾፌሮቹ በየድንበሩ እየተመረመሩ፣ ሕዝቡም «በሽታ አምጪዎች» እያለ ሲሸሻቸው ስንዴውንና ዘይቱን አምጥተዋል፤ ይህ ውለታቸው በነጋዴው ዘንድ ሊረሳ አይገባውም።

ከጓዳው ሸቀጦች ሁሉ በውጭ አገር ላይ አብልጦ የተደገፈው ዘይት ነው። ሽምብራውና ምስሩ፣ አብሹና ማሽላው ከአገር ሲገኙ የሚበዛው ዘይት ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣ የዘንባባ ዘይት ነበር። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ መመረቁ ለዚህ ድካም መፍትሔ ለመፈለግ የተደረገ እርምጃ ነው። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት በተነሣና ኢንዶኔዥያም ለጥቂት ሳምንታት የዘንባባ ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ በከለከለች ጊዜ፣ ዋጋው በየጓዳው እንደ ገና ተሰማ። በአገር የሚበቅለው ኑግ፣ ሱፍና ሰሊጥ እያለ የጾም ወጥ በባዕድ ዘይት መወሰኑ አስመጪውንም ላኪውንም ሊያሳስብ ይገባል።

ላኪዎችን በሚመለከት ደግሞ ሌላ ነገር ታይቷል። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሽሮና በርበሬ የሚያገኙት በብዛት ዘመድ በሻንጣ ሲያመጣላቸው ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ80 በላይ ወደሚሆኑ መዳረሻዎች መንገደኛ ማመላለሱን ሲያቋርጥ ያ የሻንጣ መንገድ ተዘጋ፤ የዕቃ ማመላለሻ አውሮፕላኖቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ በደንብ የታሸገ፣ መጠኑና የተሠራበት ቀን የተጻፈበት፣ ተመርምሮ የተመሰከረለት ሽሮ ገዢ እንዳለው ግልጽ ሆነ። ያን ገዢ ያገኘው ላኪ ሲሆን የሚያገለግለውም ያንኑ የእናቱን ጓዳ የሚናፍቀውን ሰው ነው።

መዘጋት በበሽታ ብቻ እንደማይመጣ በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ታይቷል። በተነሣው ሁከት መንገዶች በብዙ ስፍራ ተዘጉ፤ ኢንተርኔትም ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋረጠ። ከዚያም የበረሃ አንበጣ የሐረርጌን የማሽላ አዝመራ ጎዳ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወረርሽኝ፣ ሁከትና አንበጣ ተከታተሉ፤ በሦስቱም ጊዜ የዕለት ገበያው ሲናጋ ቤተ ሰቡ የተደገፈው አስቀድሞ ባኖረው ላይ ነው።

ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር በአራት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፤ ባለ ሱቁ የጾሞቹን ቀን መቁጠሪያ ከሒሳብ መዝገቡ አጠገብ ይስቀል። ዐቢይ ጾምና ረመዳን የሚገቡበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ጥራጥሬውን፣ ዘይቱንና ቴምሩን ዋጋ ሳይወደድ አንድ ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል። አስቀድሞ የገዛ ነጋዴ ዋጋ ሳይጨምር ያተርፋል።

ሁለተኛ፤ ሸቀጡን ለደሃውም ጓዳ በሚስማማ መጠን ያሰናዳው። በብሪታንያ ዱቄት የጠፋው ከረጢት አንሶ እንደ ሆነ አይዘነጋ። ሩብና ግማሽ ኪሎ አስቀድሞ መዝኖ በንጹሕ ከረጢት ማሸግ በሱቁ ደጃፍ ሰልፍን ያሳጥራል፤ በሽታ ባለበት ጊዜም ሰውን ያራርቃል።

ሦስተኛ፤ ዕቁብ ለገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለጓዳም ይሁን። በየሳምንቱ ጥቂት ብር የሚያስቀምጡ አሥር ቤቶች በወር አንድ ጊዜ በኩንታል ዋጋ ቢገዙ በጣሳ ከመግዛት ይድናሉ፤ ባለ ሱቁም ዕቃው ሳይመጣ ገዢው የታወቀለት ይሆናል፤ የዱቤ ዕዳውም ይቀልለታል።

አራተኛ፤ በክፉ ቀን ለአንድ ገዢ የሚሸጠውን መጠን መወሰን መልካም ነው። አንዱ ባለጸጋ አሥር ጀሪካን ዘይት ጭኖ ሲሄድ ዘጠኝ ቤት ባዶ ይቀራል፤ እነዚያ ዘጠኝ ቤቶች ግን የባለ ሱቁ የዘወትር ደንበኞች ናቸው።

ፈላና በር ዛሬ በምሽት አይዘጋም፤ የበሩን ቁልፍ የሚጠብቅ አሚርም የለም። ቢሆንም በ2012 ዓ.ም. እንደ ታየው መንገድን የሚዘጋ ነገር ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅም። ያን ጊዜ የከተማው ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይገኛል፤ አንዷ ሽሮዋን አድርቃ፣ እርሾዋን ቀድታ፣ ማሽላዋን ከነቀዝ ጠብቃ የምታኖር የቤት እመቤት ናት፤ ሁለተኛው ከእርሷ ጓዳ በፊት ያለውን ጆንያ በቀና ሚዛን የሚሰፍር ባለ ሱቅ ነው። እርሷ የድርሻዋን ከጥንት ጀምሮ ስትፈጽም ኖራለች። የባለ ሱቁ ሚዛን ደግሞ የሚፈተነው ገበያው በሞላበት ቀን ሳይሆን፣ በመደርደሪያው ላይ አንድ ጆንያ ምስር ብቻ ቀርቶ ደጃፉ ላይ ሃያ ሰው በቆመበት ቀን ነው።